ግድግዳውን ማን ያልብሰው? ከጎተራ ተነስተን ስለ ጌም ቴክስቸር



እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት ጌሞች አንዱ የሆነው «ኮል ኦፍ ዱቲ» አንዱን የመጫወቻ ሜዳውን ለጊዜው ዘጋ። ጌሙ «ሞደርን ዋርፌር 2» ነው፤ ሜዳው ደግሞ «ፋቬላ» ይባላል፤ የብራዚል የድሆች ሰፈርን የሚያሳይ ነው። ለመዘጋቱ ምክንያት የሆነው መሣሪያው ወይም ታሪኩ አልነበረም። አንድ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሥዕል ክፈፍ ነበር። በክፈፉ ላይ በዐረብኛ የተጻፈው ስለ ውበት የሚናገረው የታወቀው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሥ ነው። ሙስሊም ተጫዋቾች አይተው ተቃወሙ፤ ድርጅቱም ሜዳውን አንስቶ፣ ክፈፉን አስተካክሎ መለሰው።

ጌሙ የወጣው በ2009 ነበር። ያ ጽሑፍ ሦስት ዓመት ገደማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቆየ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ቁጣ ለመቀስቀስ አይደለም። ያ ክፈፍ በጌም ሠሪዎች አነጋገር «ቴክስቸር» የሚባለው ነገር ስለሆነ ነው። ዛሬ ስለዚህ ነገር እንነጋገር። በከተሞቻችን ብሌንደር፣ ዩኒቲ ወይም ጎዶት በኮምፒውተራቸው ላይ ጭነው በራሳቸው የሚማሩ ወጣቶች አሉና ጉዳዩ ይመለከተናል። ጌም መጫወት በሸሪዓ ምን ይባላል የሚለውን ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ሙያውን ለያዙትና ሊይዙት ለሚያስቡት ነው።

▪ ቴክስቸር ምንድን ነው?

አንድ ሌቭል ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆመው ባዶ ቅርጽ ነው፤ ግራጫ ሳጥን፣ ግራጫ ደረጃ፣ ግራጫ ምሰሶ። ተጫዋቹ የት ይሮጣል፣ የት ይደበቃል፣ በየት ይወጣል የሚለው በዚህ ደረጃ ይወሰናል። ጌሙ በግራጫ ሳጥንም ሊሠራ ይችላል። ግን ያ ሳጥን አገር የለውም። ሻንጋይም ሊሆን ይችላል፣ ናይሮቢም፣ ጎተራም።

አገር የሚሰጠው በላዩ የሚለጠፈው ምስል ነው። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ጭቃ፣ የተላጠ ቀለም፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የዘይት ጠብታ። ይህ ምስል ቴክስቸር ይባላል። ብዙዎች እንደ መጨረሻ ማሳመሪያ ያዩታል፤ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ከኢንተርኔት ወርዶ የሚለጠፍ ነገር አድርገው።

የእኔ አቋም ሌላ ነው። ቴክስቸር ምስክርነት ነው። «ይህ ቦታ እንዲህ ነው፣ የእነዚህ ሰዎች ነው» ብሎ ይናገራል። ምስክርነት ደግሞ ካየ ሰው ይወሰዳል።

▪ ያላየ ሲመሰክር

ያላየ ሰው ሲመሰክር ምን እንደሚሆን ደጋግመን አይተናል። በዚያው «ሞደርን ዋርፌር 2» ውስጥ «ካራቺ» የሚባል ሜዳ አለ። ካራቺ የፓኪስታን ከተማ ናት፤ የመንገድ ጽሑፏ ኡርዱ ነው። በጌሙ ውስጥ ግን ሱቆቹ ዐረብኛ ለብሰዋል። ለሠሪዎቹ ሙስሊም አገር ከሆነ ዐረብኛ ይበቃል የተባለ ይመስላል። በሌሎች ጌሞችም የዐረብኛ ፊደላት ተነጣጥለው ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው በግድግዳ ላይ ማየት የተለመደ ነው። ዐረብኛ ፊደል ተያይዞ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ መድረሳ የገባ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። በብዙ ገንዘብ በተሠራ ጌም ውስጥ ግን ያንን የሚያርም ሰው አልነበረም።

ከዚያም የከፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ቫንጋርድ» ውስጥ የቁርኣን ገጾች ወለል ላይ ተበትነው፣ ደም ነክቷቸው ታዩ። ድርጅቱ በመካከለኛው ምሥራቅ ገጹ በዐረብኛ ይቅርታ ጠይቆ ገጾቹን አነሳ። ከዚያ በፊትም የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1998 ባወጣው «ዜልዳ» ጌም ውስጥ በአንድ ጋሻና በድንጋዮች ላይ የነበረውን የጨረቃና ኮከብ ምልክት በኋለኞቹ እትሞች በሌላ ምልክት ቀይሮታል።

እነዚህ ሁሉ በክፋት የተደረጉ ናቸው ብዬ አልፈርድም። ይበልጥ የሚመስለኝ አንድ ሰው «የቆየ መጽሐፍ» ወይም «የምሥራቅ ጌጥ» የሚመስል ምስል ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ሳያነበው ለጠፈው የሚለው ነው። ለእሱ ጌጥ ነው። ለሚያነበው ግን ቃል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሠሪው የማያነበውን ነገር ሲለጥፍ ነው።

ሌላም የማይታይ በደል አለ፤ ቀለም። በ2001 የወጣውን የ«ካውንተር ስትራይክ» «ደስት 2» ሜዳ አስታውሱ። ቢጫማ ግድግዳ፣ አሸዋ፣ ቅስት በር። ሜዳው ራሱ በአሠራሩ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ በስንቱ የተኩስ ጌም ውስጥ የሙስሊም አገር ሁሉ ያንኑ ቢጫ አቧራ ለብሶ መጣ! ኢስታንቡል ዝናብ እንደሚዘንብባት፣ ጂማ አረንጓዴ እንደሆነች፣ ሐረር ግድግዳዋን በነጭ፣ በሰማያዊና በሮዝ እንደምትቀባ ማን ነገራቸው? ማንም። ያልተነገረ ደግሞ አይሠራም።

▪ ጎተራ ምን ትለብሳለች?

እንግዲህ ነጋሪዎቹ እኛ እንሁን። ጎተራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ስሟ ራሱ የእህል ማከማቻ ማለት ነው። ዛሬ ስሟ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ማሳለጫውን ነው፤ የደብረ ዘይት መንገድና የቀለበት መንገዱ ተደራርበው የሚተላለፉበትን። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቀላል ባቡሩም በዚያው ያልፋል። አጠገቡ ኮንዶሚኒየሙ፣ በወሎ ሰፈር በኩል ደግሞ የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ አለ።

ለሌቭል ሠሪ ይህ ቦታ ሀብት ነው። ከፍታና ዝቅታ አለው፣ መደበቂያ አለው፣ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት አለው፣ ባቡር ያልፍበታል። ቅርጹን ማንም ከሳተላይት ምስል ተነስቶ ሊሠራው ይችላል። ልብሱን ግን ከሳተላይት አያገኘውም።

ለምሳሌ ከኢንተርኔት «ኮንክሪት» ብላችሁ ብታወርዱ ንጹሕና ለስላሳ ግራጫ ታገኛላችሁ። የድልድይ ምሰሶ ግን እንደዚያ አይደለም። የፎርሙ ጣውላ ወይም ላሜራ የተጋጠመበት መስመር ይታይበታል። ከላይ ውኃ የሚወርድበት ቦታ ላይ ጥቁር ጅራት አለ። ከታች መኪና የረጨው ጭቃ ደርቆበታል። ሰው የሚደርስበት ቁመት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተቀዷል፤ ሙጫውና የወረቀቱ ጠርዝ ቀርቷል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ቀለሙ ፀሐይ በሚመታው በኩል ሳስቷል፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ዲሽ ተሰቅሏል፤ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች የብረት በር በየዓመቱ በሌላ ቀለም ተቀብቷል፤ የድሮው ቀለም ከጭረቱ ሥር ብቅ ይላል።

አንድ ደንብ ያዙ፤ ቆሻሻ ሁሉ ምክንያት አለው። ዝገት ከምስማሩ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ጥቀርሻ ከጭስ መውጫው በላይ ይሆናል። የእጅ ቆሻሻ በበሩ እጀታ ዙሪያ ይሆናል። የክረምት ጭቃ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ያቆማል። አብዛኛው ጀማሪ ቆሻሻን በሁሉም ቦታ እኩል ይረጫል፤ ከዚያ ግድግዳው ለምን ውሸት እንደሚመስል ግራ ይገባዋል። ተጫዋቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዓይኑ ያውቀዋል። በዚያ መንገድ ስትመላለሱ ያደጋችሁ ደግሞ እያንዳንዱ እድፍ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ይህ በብዙ ገንዘብ የማይገዛ እውቀት ነው።

▪ አሠራሩ በአጭሩ

ሙያው አስፈሪ አይደለም። ልጅ ሆነን ደብተራችንን በጋዜጣ ስንሸፍን ያደረግነውን አስታውሱ፤ ጋዜጣውን ዘርግተን፣ ደብተሩን አስቀምጠን፣ እጥፉን ለክተን፣ ጠርዙን ቆርጠን። የጌም ሠሪዎች «ዩቪ» የሚሉት ይኸው ነው፤ ቅርጹን በጠፍጣፋው ላይ ዘርግቶ የምስሉ የትኛው ክፍል የት እንደሚያርፍ መወሰን። በትክክል ካልተዘረጋ ጽሑፉ ይጣመማል፣ ብሎኬቱ ይለጠጣል።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። በተለምዶ የምንጠቀምበት ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ስለዚህ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሚሸፍን ቴክስቸር ላይ በግምት ወደ ጎን 5፣ ወደ ላይ 10 ብሎኬት መኖር አለበት። 3 ብቻ ካሉ ግድግዳው የግዙፎች ቤት ይመስላል፤ ሰውየው አጠገቡ ሲቆም ድንክ ይሆናል። የረድፎቹ ቁጥር ሙሉ ተጋማሽ መሆኑም ይጠቅማል፤ ብሎኬት አንዱ ረድፍ በሌላው መጋጠሚያ ላይ ስለሚደረደር ምስሉ ሲደጋገም ከላይና ከታች ያለስፌት ይገናኛል። ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፤ ሞገዱ ግማሽ ላይ ከተቆረጠ በየ2 ሜትሩ ስፌት ይታያል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። 20 ሜትር ለሚረዝም ግድግዳ አንድ ትልቅ ፎቶ አትለጥፉ። 1024 በ1024 ፒክስል የሆነ ምስል 20 ሜትር ላይ ቢለጠጥ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 51 ፒክስል ብቻ ነው፤ ይደበዝዛል። ያው ምስል 2 ሜትር ሸፍኖ 10 ጊዜ ቢደጋገም ግን ለሜትር 512 ፒክስል ይደርሳል። ድግግሞሹ እንዳይታወቅ በላዩ ጥቂት የተለዩ ነገሮች ትበትናላችሁ፤ እዚህ ስንጥቅ፣ እዚያ የተቀደደ ማስታወቂያ።

ሒሳቡ ለስልክ ወሳኝ ነው። ያ 1024 ምስል ሳይጨመቅ የስልኩን ሜሞሪ 4 ሜጋባይት ይይዛል፤ 4096 ከሆነ 64 ሜጋባይት። ለሩቅ እይታ የሚዘጋጁት ትናንሽ ቅጂዎች፣ «ሚፕማፕ» የሚባሉት፣ ሲጨመሩ ሲሶ ያህል ይጨምራል። «ኤኤስቲሲ» በሚባለው አጨማመቅ ግን 4 ሜጋባይቱን ወደ 1 ሜጋባይት፣ ጥራት ትንሽ ከተቀነሰ ወደ 256 ኪሎባይት ማውረድ ይቻላል። ጌማችንን የሚከፍተው ልጅ የያዘው ውድ ስልክ ላይሆን ይችላል። የእሱን ስልክ ማክበርም የሙያው አማና ነው።

አራተኛው ብርሃን ነው። አንድ ግድግዳ ከቀለሙ ሌላ ሁለት ምስሎች ያስፈልጉታል። አንዱ «ኖርማል ማፕ» ነው፤ ጎድጓዳውንና ጉብታውን ለብርሃኑ ይነግራል። ሌላው ለስላሳውንና ሻካራውን ይለያል። ዝናብ ካባራ በኋላ ጎተራ ላይ አስፋልቱ እንዴት እንደሚያበራ፣ አጠገቡ ያለው አፈር ግን ብርሃኑን እንደሚውጥ አይታችኋል። ያንን የሚሠራው ይህ ምስል ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ስልክና መጠነኛ ኮምፒውተር ነው። ብሌንደር፣ ጎዶት፣ ክሪታና ጊምፕ በነጻ የሚወርዱ ናቸው። ፎቶውን ደመናማ ቀን አንሱ፤ ጥላ የገባበት ፎቶ በጌሙ ውስጥ ካለው ፀሐይ ጋር ይጣላል። ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ስልኩን ሳታዘነብሉ፣ አጠገቡ መለኪያ አድርጋችሁ አንሱ። የሐምሌ ደመና ለዚህ ሥራ ምርጥ ስቱዲዮ ነው።

▪ ለምን አሁን?

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግድግዳዎቹ እየሄዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፊ ክፍላቸው ፈረሰ። ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይቆይ። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው እውነት ይህ ነው፦ ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ግድግዳ፣ በኖራ የተለሰነ ግቢ፣ ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር፣ በእጅ ብሩሽ የተጻፈ የሱቅ ስም ሲፈርስ የዚያ ሰፈር ልጆች ዳግም ሊያዩት አይችሉም። ከተማዋ የምትለብሰው አዲስ ልብስ መስታወትና የአልሙኒየም ልባስ ነው፤ እሱን ደግሞ የትም አገር ታገኙታላችሁ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትር ዳም ሲቃጠል ብዙ ሰው ወደ አንድ ጌም ዞረ። በ2014 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» ሕንጻውን በትልቅ ጥንቃቄ ሠርቶት ነበር። ሠሪው ድርጅት ዩቢሶፍትም ጌሙን ለአንድ ሳምንት በነጻ ለቀቀው። ሕንጻው መልሶ የተሠራው በጌሙ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ለዚያ ሌላ የተለየ ልኬት ነበር። ሰዎቹ ጌሙን የፈለጉት ለናፍቆት ነው፤ እንደገና ለመግባት፣ ቀና ብለው ለማየት። ኖትር ዳም በብዙ ባለሙያዎች የተለካ፣ በብዙ ሚሊዮን ሰዎች ፎቶ የተነሳ ሕንጻ ነው። የካዛንቺስ አንድ ግቢ አጥር ግን ማን አነሳው?

ስለዚህ ጎተራ፣ ቂርቆስ፣ መርካቶ፣ ደሴ፣ ጂማ ያላችሁ ልጆች፣ ያላችሁበትን ሰፈር ገጽ አሁን ሰብስቡት። «ፖሊ ሄቨን» እና «አምቢየንት ሲጂ» የተባሉት ድረ ገጾች ቴክስቸሮቻቸውን ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀዋል። እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። አንድ ልጅ ዐሥር ግድግዳ ቢያነሳ፣ ሃያ ልጆች ሁለት መቶ ግድግዳ ነው። ከሁለት መቶ ግድግዳ አንድ ሰፈር ይሠራል።

▪ ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ዋናው ጨዋታው ነው፤ ግድግዳ ማን ያያል?» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው። አሰልቺ ጌምን ጥሩ ቴክስቸር አያድነውም። ግን ግድግዳ ማን ያያል ለሚለው መልሱ ከላይ ያነሳሁት ክፈፍ ነው። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰቀለውን ሰው አይቶታል።

«በነጻ የሚወርድ እያለ ለምን እንደክማለን?» የሚልም አለ። ለድንጋይ፣ ለሣር፣ ለአሸዋ አውርዱ፤ ነውር የለውም። ለሰው ሥራ ግን፣ ማለትም ለግድግዳ፣ ለበር፣ ለጽሑፍ፣ የራሳችሁን አንሱ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በ«ኩኩሉ» የምናውቃትን ዶሮ ወደ ስልክ ጌም አምጥቷል፤ «ገበታ»ንም እንዲሁ። በር ተከፍቷል። የሚቀጥለው ሥራ ዶሮዋ የምትሮጥበትን መንደር ሁሉ የራሳችን ማድረግ ነው።

«ፎቶ ማንሳት ችግር ያመጣል» የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው፤ ስለዚህ አዳብ ይኑር። የሰው ግቢ ከሆነ ባለቤቱን፣ ጥበቃ ካለ ጥበቃውን ጠይቁ። መነሳት የማይፈቀድበትን ቦታ ተዉት። የሰው ፊት፣ ታርጋ፣ በግድግዳ ላይ የተጻፈ የደላላ ስልክ ቁጥር በምስሉ ውስጥ አይቅር፤ አጥፉት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የማታነቡትን ጽሑፍ አትለጥፉ። ቁርኣን፣ ሐዲሥ፣ የአላህ ስም ያለበትን ነገር ለጌጥ ብላችሁ የሚረገጥበት፣ የሚተኮስበት ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታኑሩ። መስጂድ ካስገባችሁ ምን ዓይነት ድርጊት እንደሚፈጸምበት አስቡ። የጎረቤቶቻችንንም እንዲሁ፤ መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለክርስቲያኑ ወገናችን ጌጥ ብቻ አይደለም። በእኛ ላይ ሲደረግ ያመመንን በሌላው ላይ አናድርግ። ሳባ ፊደልም ቢሆን ይነበብ፤ የሱቁ ስም በትክክል ይጻፍ፣ ፊደሉ አይገልበጥ። ነገ አንድ የውጭ ድርጅት አዲስ አበባን በጌም ሊሠራ ቢነሳና ትርጉም የሌላቸውን የግዕዝ ፊደላት በግድግዳ ላይ ቢበትን ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት። ትክክለኛው ቴክስቸር አስቀድሞ በነጻ ተቀምጦ ቢጠብቀው ግን የሚያወርደው የእናንተን ይሆናል።

ማንም ስለ እኛ በትክክል እንዲመሰክር መጠየቅ መብታችን ነው። ግን ምስክር ሳናቀርብ ፍርድ ብቻ መጠበቅ አያዋጣም። ስልኩ በእጃችሁ ነው፤ ግድግዳውም ለጊዜው ቆሟል።